ከደሴ እስከ ጅዳ፦ ስንቅና አማና በ23 ኪሎ

እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ከቤተሰባችን አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ደሴ ላይ ሆነን አውሮፕላን የምናውቀው ከጦሳ ተራራ በላይ ነጭ መስመር እየሳለ ሲያልፍ ነው። በዚያ ዓመት ጅዳ የሚኖረው የልጆቻችን አጎት ለአምስታችንም፣ ማለትም ለእኛ ለባልና ሚስቱ፣ ለሁለቱ ልጆቻችንና ለእናታችን የቤተሰብ መጠየቂያ ቪዛ አስወጥቶ፣ ቲኬት ቆርጦ ላከልን። «እኔንም ትጠይቃላችሁ፣ ዑምራም ታደርጋላችሁ» አለን። አልሐምዱሊላህ አልን። ከምስጋናው በኋላ ግን ሌላው ወጪ በምን ይሸፈናል የሚል ጥያቄ መጣ። የአዲስ አበባ መሳፈሪያ፣ የክትባትና የመንገድ ወጪ ሲቀነስ በእጃችን የሚቀረው ገንዘብ አንድ ደህና አዲስ ሻንጣ እንኳ አይገዛም ነበር።

እናታችን ጭንቀታችንን አይተው ሳቁብን። አባታቸው ለሐጅ ሲነሱ በሶ በስልቻ ቋጥረው፣ ውሃ በቅል ይዘው፣ በእግራቸው ወደ ቀይ ባሕር እንደ ወረዱ፣ ሄደው እስኪመለሱም ዓመት ማለፉን ነገሩን። «እናንተ ዙህርን እዚህ ሰግዳችሁ ዐስርን እዚያ ለምትሰግዱበት መንገድ ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ከቦሌ ጅዳ በረራው ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ያ ባሕር እ.ኤ.አ. በ615 የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦች በጀልባ ተሻግረው ወደ ሐበሻ የመጡበት ባሕር ነው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከሐበሻ ወደ መካ፣ በመስኮት ቁልቁል እያየነው ልናልፍ ነው።

ስለ ስንቅ ስንጫወት የመስጊዳችን ኡስታዝ አንድ ነገር አስታወሱን። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደ ዘገቡት፣ ከየመን ለሐጅ የሚመጡ ሰዎች በአላህ ተመክተናል ብለው ያለ ስንቅ ይወጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ 197ኛው አንቀጽ ስለ ስንቅ የታዘዘው የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ችግር ግን የየመኖቹ ግልባጭ ሆነ። ስንቅ በዛብን!

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። «ጅዳ ትሄዳላችሁ አሉ» እያለ የሚመጣው ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ለልጁ በርበሬ፣ አንዷ ለእህቷ ንጥር ቅቤ፣ ሌላው ለአሠሪው የሚሆን ማር። እኛም ለአጎታቸው ያሰናዳነው ሽሮ፣ ቡናና ዳቦ ቆሎ አለ። በሳምንት ውስጥ ሳሎናችን የእህል መጋዘን መሰለ። ቲኬታችን ደግሞ የሚለው ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሻንጣ፣ በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ነው። (ይህ በየአየር መንገዱና በየቲኬቱ ዓይነት ይለያያል። ጎረቤት የነገረንን ይዘን ብንሄድ ኖሮ ጉድ ይሆን ነበር፤ የራስን ቲኬት ማንበብ ነው።) አምስቱ ሲደመር 115 ኪሎ ነውና መጀመሪያ ብዙ መስሎን ነበር። ነገር ግን የሁሉም ክብደት ተደምሮ አይታይም። እያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው ይመዘናል፤ የአንዱ መጉደል የሌላውን መትረፍ አይሸፍንም። ለትርፉ የሚጠየቀው ክፍያ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ካለው በርበሬ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያንን ያልከፈለ ሰው በተሳፋሪ ፊት ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግፎ ምኑን ልተው ሲል ይውላል።

እቤታችን ሚዛን የለንም። መስጊዱ በር አጠገብ ግን አላፊ አግዳሚውን በሳንቲም የሚመዝን ልጅ አለ። ከእኛ አንዱ ሻንጣውን ታቅፎ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ልጁ ያነብባል፤ ከዚያ ያለ ሻንጣው ይወጣል፤ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። የመጀመሪያው ሻንጣችን 31 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ራሱ ደነገጠና «ጋሼ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የያዛችሁት?» አለ። ባዶውን ስንመዝነው 5 ኪሎ ሆነ! ከዘመድ የተዋስነው ያ የሚያምር ደረቅ ሻንጣ ገና ምንም ሳይገባበት ከ23ቱ አምስቱን በልቶብናል። አመስግነን መለስንና ከሰልባጅ ተራ ዚፑ የተበላሸ የጨርቅ ሻንጣ በርካሽ ገዛን። ዚፑን ጫማ ሰፊው አስተካከለልን። የቀሩትንም እንዲሁ ከዚህም ከዚያም አሟላን። ሁሉም ጥቁር ስለነበሩ እናታችን ከአሮጌ ሻሽ አረንጓዴ ቁራጭ እየቀደዱ እጀታቸው ላይ ቋጠሩ። ጅዳ ላይ በሚዞረው ቀበቶ መቶ ጥቁር ሻንጣ ሲመጣ የእኛዎቹን ከሩቅ የለየናቸው በዚያች ጨርቅ ነው።

ልብስን በሚመለከት ከልጆቹ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። ሴቷ ልጃችን ለአውሮፕላን አዲስ ጫማ ካልተገዛ ብላ አለቀሰች። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ቅያሪ ብቻ ወሰንን፤ አንዱ ይለበሳል፣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይቀመጣል። በጅዳ ሙቀት ማታ የታጠበ ልብስ ለፈጅር ደርቆ ይገኛል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ጅዳ ግን ባሕር ዳርቻ ናት። ሹራቦቻችንን እስከ አዲስ አበባ ለብሰን ሄድንና ስንመለስ እንድንወስዳቸው ያደርንበት ዘመድ ቤት ተውናቸው። ከባዱን ጫማ እግራችን ላይ አደረግነው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አላስገባነውም። አዲሱን ጫማ በተመለከተ ልጅቷ ተሸነፈች፤ እስከ ዛሬ ግን ታነሳብናለች።

ኢሕራም ላይ ነው ትልቁን ገንዘብ ያዳንነው። ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የፎጣ ኢሕራም ውድ ነው፣ ይከብዳልም። እቤታችን ግን የአገራችን ሸማኔ የሠራው ነጭ ጋቢ አለ። ያስጨነቀን ጋቢው መካከሉ ላይ የተሰፋ መሆኑ ነበር፤ ለወንድ ሙሕሪም የተሰፋ አይፈቀድም ሲባል ሰምተናልና። ኡስታዙን ጠየቅን። እሳቸውም «የተሰፋ» የሚባለው እንደ ሸሚዝና ሱሪ በአካል ቅርጽ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሁለት ጨርቅ የሚያያይዝ ስፌት አይደለም አሉን። ጋቢው ተከፍሎ አንዱ ለሽርጥ፣ አንዱ ለትከሻ ሆነ። አንድ ኩታ ደግሞ ለመጠባበቂያ ጨመርን። ለሴቶቹ የተለየ የኢሕራም ልብስ የለምና በነበራቸው ሰፊ ልብስ ሄዱ። ሽታ የሌለው ሳሙና ያዝን። በኢሕራም ላይ ሽቶ ክልክል ስለሆነ፣ መዓዛ ያለውን ሳሙና ከእጃችን ማራቅ ይቀለናል ብለን እቤት ተውነው።

አሁን ወደ አማናው እንምጣ። እንቅልፍ የነሳን እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አምጪ አንድ ቃል ተናገርን፦ ዕቃው በፊታችን ይከፈታል፣ በፊታችን ይታሸጋል። በሻንጣችን ውስጥ ላለው ነገር ሁሉ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። እዚያ አገር ጫት እንኳ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው፤ ይዞ መገኘት ለእስር ይዳርጋል። «የሰው ነው፣ አላውቅም ነበር» ማለት ከሕግ አያድንም። አብዛኛው ሰው ተረዳን። አንድ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ወጣት ግን በጥብቅ የተሰፋ ከረጢት ይዞ መጣና «ሽሮ ነው» አለ። እንክፈተው ስንለው «ሙስሊም ሙስሊምን አያምንም ማለት ነው?» ብሎ ተቆጣና ከረጢቱን አንስቶ ሄደ። ምን እንደ ነበረበት ዛሬም አናውቅም። ሽሮም ሊሆን ይችላል። ያን ሌሊት ግን ሁለት ልጆቻችን ተኝተው እያየናቸው፣ ብንቀበለው ኖሮ እያልን አመሸን።

ከሁሉ የከበደን የጎረቤታችን ነገር ነው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗታል። እናትየው አንድ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ፣ በፕላስተር የታሰረ ጥቅል ይዘው መጡ። ሚዛኑ 4 ኪሎ አለ። እንክፈተው ብንላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር ሌባ ሆኜ አላውቅም» አሉ። ልባችን ተሰበረ፤ ነገር ግን ለአንዱ የወጣ ቃል ለሌላው ሊታጠፍ አይችልም። እናታችን እጃቸውን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧቸውና ሁለቱ ብቻቸውን ከፈቱት። በርበሬ ነበረ፣ ዳቦ ቆሎ ነበረ፣ ከሥር ደግሞ አሮጌ ነጠላ። እናትየው ያፈሩት በነጠላው ነው። «ሳላጥበው ነው ያስቀመጥኩት። አደራ እንዳታጥቡት» አሉ።

ሻንጣዎቹ በዚያን ጊዜ 23 ሞልተው ነበር። 4 ኪሎ ለማስገባት 4 ኪሎ ማውጣት ነው። ለአጎታቸው ያዘጋጀነውን ቅቤ አወጣን። ስልክ ደውለን ስንነግረው ትንሽ ዝም አለና «ደግ አደረጋችሁ» አለ። የወሎን ቅቤ ግን በጣም ይወድ ነበር።

የእጅ ቦርሳውን ያሰናዳነው በመጨረሻ ነው። ፓስፖርቶቹ፣ የቢጫ ወባና የማጅራት ገትር ክትባት ወረቀቶች (የማጅራት ገትሩ ከመድረሳችን ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ ነበረበት)፣ የእናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ከነሐኪም ማዘዣው፣ የልጆቹ አንድ አንድ ቅያሪ፣ ኢሕራሙና ትንሽ ዳቦ ቆሎ። የስልክ ባትሪ መሙያው፣ ያ ፓወር ባንክ የሚሉት፣ የሚያዘው በእጅ ነው እንጂ ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ይህን አውቀን ነበርና አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው በማሩ ነው። እናታችን «ለጉሮሮ መድኃኒት» ብለው አንድ ጠርሙስ ማር ለእኛ ሳይነግሩ እጅ ቦርሳው ውስጥ ከተዋል። ቦሌ ፍተሻው ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በብዙ አገር በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ማርም ከፈሳሽ ይቆጠራል። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። ፈታሹ ልጅ በትሕትና «እማማ፣ ይቅርታ፣ ይህ አያልፍም» አላቸው። እናታችንም «እንግዲያው አንተ ብላው» አሉት። እሱም አይፈቀድለትም ነበርና ማሩ ከሚጣለው ዕቃ ጋር ቀረ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ስንመዝን የእሳቸውን ቦርሳ ሳንፈትሽ ቀርተናል።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ልጆቹ ሳቁ፣ እኛ የጉዞውን ዱዓ አደረግን፣ እናታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ተስቢሓቸውን ቆጠሩ። ባሕሩ ላይ ስንደርስ ወደ ሚቃት መቃረባችን በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደንግጠው ተነሱ። ለዑምራ ነው የሚሄዱት፤ ኢሕራማቸው ግን ከሥር በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው። አስተናጋጇ ምን ታድርግ? ጅዳ ደርሶ መልበስ ደግሞ ሚቃቱ ካለፈ በኋላ ነው። የእኛ መጠባበቂያ ኩታ ትዝ አለን። አንድ ኩታ ለሁለት ነገር አይበቃምና እናታችን ነጭ ፎጣቸውን ጨመሩ። ሽማግሌው ከመጸዳጃ ክፍሉ በኩታ ሽርጥና በፎጣ ትከሻ ሲወጡ ጥለቱ ወገባቸው ላይ ይታይ ነበር። ተልቢያውን ሲጀምሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። አውርደን ከተሰነባበትን በኋላ ኩታው ከእሳቸው ጋር ሄደ፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ዑምራችንን ፈጽመን ጅዳ በተመለስን በመጀመሪያው ጁምዓ የጎረቤታችን ልጅ ከአሠሪዎቿ አስፈቅዳ መጣች። ስትሄድ ቀጫጫ ልጃገረድ ነበረች፤ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። እናታችን ቡና አፍልተው ጥቅሉን ሰጧት። እናቷ በስልክ ነግረዋት ኖሮ ፕላስተሩን በጥርሷ በጥሳ በርበሬውንም ዳቦ ቆሎውንም ወደ ጎን ገፋች። ከሥር ነጠላውን ጎትታ አወጣችና ፊቷን ሸፈነችበት። ቡናው አቦል አልፎ፣ ቶና አልፎ፣ በረካ እስኪቀዳ ድረስ አላነሳችውም።