ከካራት ማዶ፣ በጋሞሌ ቅጥር ውስጥ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ቆላውን አቋርጦ የኮንሶ ከተማ ካራት ሲደርስ፣ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ከተማዋ ሳትሆን ተራራው ነው። ከግርጌ እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ተሸንሽኗል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ 21 ትውልድ የተቀባበለው፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሥራ መሆኑን ጠቅሷል። እርከን ግን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ጎርፍ ይንደዋል፣ ሰው መልሶ ይክበዋል። ኮንሶን ያቆመው የሰው ጉልበት በመሆኑ ስለ አካባቢው ማውራት የሚሻ ከሕዝቡ ቁጥር ቢጀምር ይሻለዋል።

ቁጥሩ ግን አርጅቷል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የኮንሶ ልዩ ወረዳ 235 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀረ። በ1999 የተወለደች ልጅ ዛሬ ልጅ አዝላ ገበያ ትወርዳለች።

ቆጠራው ባለበት ሲቆም አስተዳደሩ ግን አላረፈም። ልዩ ወረዳ የነበረው ኮንሶ በ2003 ዓ.ም. ከደራሼ፣ ከአማሮ፣ ከቡርጂና ከአሌ ጋር ተጣምሮ የሰገን አካባቢ ሕዝቦች ዞን ሆነ። ሕዝቡ በዚህ አልተደሰተም፤ በ2008 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ይሰጠን የሚለው ጥያቄ አይሎ ግጭትና እስር ተከተለ። ከታሰሩት አንዱ የታወቁት የጎሳ መሪ ካላ ገዛኸኝ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ኮንሶ ዞን ሆነ፤ በ2015ቱ ሕዝበ ውሳኔ ማግሥት ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል። አንድ ገበሬ ከማሳው ሳይነቃነቅ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የደብዳቤው ራስጌ ሦስት ጊዜ ተቀየረበት ማለት ነው።

ጋሞሌ ወደተባለው የኮንሶ መንደር ስንገባ ያየነው ግን ሌላ አስተዳደር ነው። መንደሩ በደረቅ ካብ ታጥሯል፤ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። መግቢያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ውስጡ ካንታ በሚባሉ ሠፈሮች ተከፍሏል፤ በየአደባባዩ ሞራ የሚሉት፣ ከታች ክፍት ሆኖ ከላይ ጣሪያው እስከ ወገብ የወረደ ቤት አለ። ቀን ሽማግሌዎች ጠብ ይሸመግሉበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሌሊት ወጣት ወንዶች እዚያ ያድራሉ። እሳት ቢነሳ ወይም ጠላት ቢመጣ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ የተኛው ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የአደጋ መከላከያ ኮሚቴ አላየሁም።

አደባባዩ ላይ የጽድ ግንዶች በአንድነት ታስረው ቆመዋል። አንድ ትውልድ ኃላፊነቱን ሲረከብ አንድ ግንድ ይጨምራል፤ ይህም በየ18 ዓመቱ ገደማ ነው ይባላል። ግንዶቹን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል። ግንዶቹ ትውልድ እንጂ እያንዳንዱን ሰው አይቆጥሩም።

እያንዳንዱን ሰው የምትቆጥረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በየቤቱ ዞራ በቤተሰብ ፎልደር ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳልተከተበ ትመዘግባለች። ለምሳ ኩርኩፋ የሚባለው ምግብ በሽፈራው ቅጠል የቀረበለት እንግዳ ስንት ሰው በአንድ ገበታ እንደሚበላ ያያል፤ እሷ ደግሞ መዝገቡ ላይ ታየዋለች። የመንግሥት የበጀት ቀመር ሲሰላ ግን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሕዝብ ቁጥር ነው፤ ያም ቁጥር ከእሷ መዝገብ የወጣ ሳይሆን የ1999ኙ መነሻ ላይ የተደረበ ትንበያ ነው።

ስለዚህ አዲስ ክልልና አዲስ ዞን ለማዋቀር ጊዜ ያገኘ መንግሥት፣ ለቆጠራውም ጊዜ ያግኝ።