ቦንድና ሁለት ትውልድ

ጄምስ ቦንድን ብቻዬን ማየትና ከሁለት ትውልድ መሃል ተቀምጬ ማየት ለየቅል ነው። ሴንት ፖል፣ አንድ ወዳጅ ቤት፣ አቦሉ ሲቀዳ «ዶክተር ኖ» ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም። አዛውንቱ ጋሼ፣ ቦንድን የሚጫወተውን ሾን ኮነሪን ሲያዩ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። በጉርምስናቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው የወደዱት እሱን ነዋ! ሱፉን፣ አረማመዱን፣ አለመደንገጡን።

ሚኒሶታ የተወለደችው የእህታቸው ልጅ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነው። ቦንድ ጥይት የጨረሰውን ፕሮፌሰር ዴንትን ረጋ ብሎ ሲገድለው፣ «ጋሼ፣ ሽጉጡ እኮ ባዶ ነው!» አለች።

«ጠላት ነዋ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለዘብ ብሏል።

እኔ ለእሷ አደላለሁ። የእሷ ቦንድ ዳንኤል ክሬግ ነው፤ በ2006ቱ «ካሲኖ ሮያል» የሚያፈቅር፣ የሚከዳ፣ ሲመቱት የሚያመው። ሴቶቹንም እንይ። በ«ዶክተር ኖ» ከባሕር ብቅ የምትለው የኡርሱላ አንድረስ ድምፅ እንኳ የራሷ አይደለም፤ ሌላ ሴት ናት የተናገረችላት። በ2021ዱ የቦንድ ፊልም ግን 007 የሚለውን ቁጥር ይዛ የምትመጣው ጥቁሯ ላሻና ሊንች ናት።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የእህታቸውን ልጅም «በይ እሱን ክፈቺው» አሏት።