የኅዳር ማስታወሻ፣ መቻራ 2017

ኅዳር 3
ብርድ። ከዘጠነኛ ክፍል ግማሹ የለም። ስም ስጠራ ከየወንበሩ “ቡና ለቀማ ሄዷል”፣ “ጫት ላይ ነው”። ቀሪ እያልኩ መዘገብኩ። የትምህርት ካላንደሩ ሲወጣ የሐረርጌ ቡና መቼ እንደሚደርስ ማን ጠየቀ?

ኅዳር 6
ፎቶሲንተሲስ። ክፍሉ ዝም። ስምንት ዓመት በአፋን ኦሮሞ ተምረው ዘጠነኛ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ። ስወጣ አንዷ ተከትላኝ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፦ ፀሐይ ስትገባ ቅጠሉ በምን ይኖራል? ቀን ሠርቶ ባስቀመጠው ስላት ወዲያው ገባት። ሌሎቹን ጠርታ እሷው አስረዳች። በፈተና ግን ከመጨረሻዎቹ ናት።
የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ከተማችን ነው። ልጆቹን ይዤ ብሄድ ያስገቡን ይሆን? ልጠይቅ።

ኅዳር 7
የትናንቷን ልጅ ደብተር አየሁ። መሐሉ ከሰሌዳ የተገለበጠ እንግሊዝኛ፣ ዳር ዳሩን በቁቤ የራሷ ማብራሪያ። ከኋላ የእናቷ ሱቅ ሒሳብ በአማርኛ፦ ስኳር፣ ሳሙና፣ የባለ ዱቤዎች ስም። ከጅምላ ነጋዴው ጋር የሚተሳሰቡት በአማርኛ ነው። ደመርኩት። አንድም ስህተት የለውም።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ቆሻሻ በመሰብሰብ ሲያግዙ ዋሉ።
ከሰዓት በርጫ ላይ የዚያችን ተማሪ አባት አገኘሁ። ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮባታል። ገና 16 ዓመቷ ነው። ሕጉ 18 ይላል አልኩት። “ወንድሟ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ከእኔ ጋር ጫት ይቀጥፋል። ሕጉ ሥራ ይሰጣል?” አለኝ። መልስ አጣሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው፤ አገር አቀፍ ቁጥር ነው። እሱ ቁጥሩን ባያውቅም ትምህርት ብዙዎችን የትም እንዳላደረሰ አይቷል። ግን ልጅቷስ?

ኅዳር 15
ያለ ወቅቱ ዝናብ። የተሰጣው ቡና ሁሉ በሸራ ተሸፈነ። አባቷ እኔን ባይሰማ የመረዳጃ ማኅበሩን የአፎሻውን ሽማግሌዎች ይሰማል። የእድራችን ዳኛም አብሬ እሄዳለሁ አሉ። ሰው ለቀብር የሚያዋጣውን የማያጓድልባቸው እነዚህ ማኅበራት ስለ ልጆች ትምህርት ለምን አይጠየቁም? እስካሁን እኛም አልሞከርንም።

ኅዳር 21
ሽማግሌዎቹ ሄደው ነበር። አባቷ “እስከ ሰኔ ትማር” ብሏል። ከሰኔ በኋላ ያለውን አላነሱም፤ በሌላ ቀን ይመለሱበታል። ልጅቷ ክፍል መግባት ቀጥላለች። ቡና ለቀማ ከሄዱት ወንዶች ስድስቱ አልተመለሱም።