ሼርሎክ ሆልምስ ሥራ ይፈታል ወይ?

በየመንገዱ ካሜራ በተተከለበት፥ የእጅ ስልክም የባለቤቱን መዋያና ማደሪያ በሚያሳብቅበት ዘመን ሼርሎክ ሆልምስ ቢነሣ ሥራ ፈት ይሆናል የሚሉ አሉ። በተለይ የሳይንስ ተማሪ ጓደኞቻችን ይህን ሲሉ ደስ ይላቸዋል። እኛ ልብ ወለድ ስናገላብጥ የምናመሽ ሰዎች ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አንለቅላቸውም።

ሆልምስ የመሣሪያ ጠላት ሆኖ አያውቅም። አርተር ኮናን ዶይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ከአንባቢ ጋር ሲያስተዋውቀው፥ የምናገኘው በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ የደምን ምልክት የሚለይ ቅመም አገኘሁ ብሎ ሲፈነድቅ ነው። በ2010 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ወደ ዘመናችን አምጥቶ የእጅ ስልክ ቢያስይዘውም አልተደናገረም። በቀድሞው ታሪክ የዋትሰን ወንድም ሰካራም እንደ ነበር ያወቀው በኪስ ሰዓቱ የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው ጭረት ነው፤ በአዲሱ ደግሞ በስልኩ መሙያ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው ጭረት። (እርግጥ በዚህኛው እኅትን ወንድም ብሎ ተሳስቷል።)

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የለንደን ፖሊስ በ1901 የአሻራ ክፍል አቋቋመ፤ በ1903 ዶይል የኖርዉዱን ሕንፃ ሠሪ ታሪክ አወጣ። በዚህ ታሪክ በነፍስ ግድያ የተከሰሰ አንድ ወጣት የአውራ ጣቱ አሻራ በደም ታትሞ ግድግዳ ላይ ተገኘ፤ ፖሊሱም ነገሩ አለቀ ብሎ ተኩራራ። አሻራው በእርግጥ የወጣቱ ነው። ነገር ግን ሞተ የተባለው ሰው ራሱ ተደብቆ፥ ከሰም ማኅተም ላይ ቀድቶ ያተመው ነበር። ሆልምስ ተንኰሉን የነቃበት፥ ባለፈው ቀን ያን ቦታ ሲመረምር አሻራው ስላልነበረ ነው።

ከልብ ወለዱ ወጥተን እውነተኛውን ነገር እንይ። በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ ሰውን ከሰው በዲ.ኤን.ኤ. የሚለይበትን ዘዴ አገኘ። በዚያው አውራጃ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር፤ ሁለተኛዋን የገደልሁ እኔ ነኝ ብሎ ያመነ የ17 ዓመት ልጅም ተይዟል። ምርመራው ገዳዩ ለሁለቱም አንድ ሰው እንደ ሆነ፥ ያም ሰው ይህ ልጅ እንዳልሆነ አሳየ። እዚህ ላይ አፋችንን ያዝን። ገድያለሁ ያለን ሰው አልገደልህም ብሎ የሚከራከር መርማሪ ከየት ይገኛል? ሆልምስም ቢሆን እንጃ።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ከ4,000 የሚበልጡ ወንዶችን ደም ሰበሰበ፤ ገዳዩ ግን አልተገኘም። የሥራ ጓደኛውን ለምኖ በስሙ ደም አሰጥቶ ኖሯል! በ1987 የተያዘውም ያ ጓደኛው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ስለ ነገረች ነው፤ ወንጀሉን ያረጋገጠበት ግን ያው ደሙ ነው።

ሆልምስ በ1891 በወጣው ታሪክ ሥራ ያጣ የፈረስ አጣቢ መስሎ፥ ከባልደራሶች ጋር ፈረስ እያሸ ወሬ ሲለቃቅም እናገኘዋለን። ስለዚህ በዚያ መጠጥ ቤት ጥግ አንድ ወንበር እናስይዝለታለን።