ሉህና ድረ ገጽ

ሰንጋ ተራ ለማስተምራቸው ልጆች የክፍል ድረ ገጽ ሳዘጋጅ በቅድሚያ ያሰብኩት የአባትን ስልክ ነው። አብዛኛው ተማሪዬ የሚያነበው ማታ፣ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ነውና። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉና ትምህርት በቴሌግራም ሲላክ፣ ኢንተርኔት የሌለበት ቤት ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ አይተናል።

ስለዚህ የሰሌዳ ፎቶግራፍ አልለጥፍም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ አማርኛውን በጽሑፍ አስቀምጣለሁ። አንድ ሺህ ፊደል 3 ኪሎባይት ያህል ነው፤ አንድ ፎቶ ግን 2 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ የሚከፈለው ከአባት ካርድ ነው።

አሠራሩን ያስተማረኝ መድረሳ ነው። ኡስታዛችን በሉሁ ላይ የዕለቱን ትምህርት ብቻ ያጽፉን ነበር፤ እሱ በቃል ሳይያዝ ሉሁ አይታጠብም። በእኔም ገጽ አንድ ትምህርት፣ አንድ ምሳሌና ሦስት ጥያቄ ብቻ ይወጣል። ስልክ ለሌለው ልጅ ያንኑ በወረቀት አትሜ እሰጣለሁ።

ወላጆች ሆይ! ከመግሪብ በኋላ ስልካችሁን ለሩብ ሰዓት ለልጃችሁ አውሱት፤ አጠገቡም ተቀመጡ። ሉህ ያለ ኡስታዝ ጣውላ ነው፤ ድረ ገጽም ያለ እናንተ እንዲሁ ነው።