የመጀመሪያው በር

ነርስነትን የተማረ ሰው ከምረቃው በኋላ ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የመጀመሪያውን ሥራ ማግኘት ነው። በደርግ ዘመን ተመራቂውን መንግሥት ይመድበው ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎች ፈልገው ማግኘት አለባቸው።

በቂሊንጦ የምትኖር አንዲት ወጣት ምስክር ወረቀቷንና የሙያ ፈቃዷን ይዛ በየሆስፒታሉና በየክሊኒኩ ደጅ ጠናች። መልሱ ሁሉ አንድ ነበር፤ «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው እንፈልጋለን»። ዘመዶቿ በሰፈሩ ካለው የመድኃኒት ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት እንድትገባ መከሯት። እንጀራ የሚያበላ ሥራ አይናቅም፤ ዳሩ ግን ዘወትር ካርቶን የሚያሽግ እጅ መርፌ መውጋትን ይረሳል።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በ1931 ዓ. ም. ፈጸሙ። በዚያን ጊዜ ተማሪዎቹ ዓመታቱን በሕሙማን አልጋ አጠገብ እየሠሩ ስለሚያሳልፉ፣ ልምዱና ምስክር ወረቀቱ በአንድነት ይገኙ ነበር።

እንግዲህ ልምድ ያለውን ብቻ የሚሻ ሆስፒታል ሌላው ያሠለጠነውን ይወስዳል፤ ሁሉም እንዲሁ ቢያደርግ ግን ነገ የሚወሰድ አይገኝም። ገበሬ ወይፈንን የሚያለማምደው ከነባር በሬ ጋር ጠምዶ ነው፤ «አላረስህም» ብሎ ከቀንበር አይከለክለውም። አዲሱንም ነርስ ከነባሩ ጋር በአንድ ተራ ማሠራት ይቻላል።

ሕሙማንን የሚያስተዳድሩ ሁሉ ይህን ያስቡ፤ ወጣቲቱ ማመልከቻዋን ይዛ ዛሬም በደጅ ቆማለችና።