ጆሯቸው አልነበረም

አባባ ለአምስት ዓመት አንድ ዓይነት አቤቱታ ነበራቸው። «ሳክስፎኑ ከመጋረጃ ጀርባ ሄዷል» ይሉናል። ከሸክላ ማጫወቻቸው ፊት ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርገው ትንሽ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ግንባራቸውን ቋጥረው መርፌውን ያነሳሉ። እኛ ልጆቻቸውም አንድ ዓይነት መልስ ነበረን፦ «አባባ፣ ጆሮዎ ነው። ዕድሜ ነው።»

እናንተም ቤት ይህ መልስ ሳይሰጥ አይቀርም። ለመናገር ቀላል ነው፤ አሳቢነት ይመስላል፤ ክርክርም ይዘጋል።

አባባ ሶዶ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የ78 ዓመት ሰው ናቸው። ማጫወቻውን የገዙት በወጣትነታቸው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው ነው። ከአዲስ አበባ ሶዶ ድረስ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አድርገው እንዳመጡት ሳይነግሩን ያለፈ በዓል የለም። ዘመኑ የሸክላ ወርቃማ ዘመን ነበር። አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳትሟል። ካይፋና ፊሊፕስም ነበሩ። በኋላ ካሴት መጥቶ ሁሉንም ጠረጋቸው። የአባባ ሸክላዎች ግን የጥላሁን፣ የማህሙድ፣ የአለማየሁ እሸቴም ዛሬም ከነልባሳቸው ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል።

አቤቱታው ሲበዛ እህቴ ለጆሮ ምርመራ ወሰደቻቸው። ባለሙያዋ «በዕድሜያቸው የሚጠበቅ መቀነስ አለ፤ የሰው ንግግር ግን በደንብ ይሰማሉ» አለች። እኛ የሰማነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። አባባ ግን ከመንገድ ላይ ጀምረው «የሬዲዮው ጡሩምባ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ታዲያ ሬዲዮውን የሚሰማው የማን ጆሮ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሳቅንባቸው። አሁን ሳስበው ቤት ውስጥ ማስረጃ ያቀረበ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለፈው መስከረም ለግፋታ ሶዶ ስሄድ ስጦታ ላበረክት አስቤ ነበር፦ ለማጫወቻው አዲስ የድምፅ ኬብል። ስለ ኬብል ሳነብ ከርሜያለሁ፤ የፍሪጅ ዋጋ የሚጠየቅባቸው እንዳሉም አይቻለሁ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ግን ገበያው አጠገብ ላለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ማጫወቻውን አሳየሁት። ልጁ ኬብሉን በእጁ እየጠቀለለ መጨረሻው አልደርስለት ሲል ቀና ብሎ «ይህን ማነው የገጠመው?» አለኝ።

እኔ ነበርኩ።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚያው በግፋታ ሰሞን፣ ለእንግዳ ቦታ እናስፋ ብለን ትልቁን ቴሌቪዥን ማጫወቻው በነበረበት ቦታ ሰቀልነው። ማጫወቻውን ወደ ማዶው ግድግዳ አሻገርኩት። አምፕሊፋየሩ ካለበት ቀረ፤ በመካከላቸው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ባለ 5 ሜትር ኬብል ዘረጋሁ። ቀጭኗ የግራውንድ ሽቦ አልደርስ ስላለች ቆርጬ ጣልኳት። አማረልኝ ብዬም ፎቶ አንስቼ ነበር።

ጠጋኙ ያስረዳኝን በቀላሉ ልንገራችሁ። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ እንደ አባባ ባለ ማግኔት ራስ 5 ሚሊቮልት ገደማ። የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፤ ይህ የእርሱ 300ኛ እጅ መሆኑ ነው። የድምፅ ኬብል ደግሞ መሃሉ ሽቦ፣ ዙሪያው ሌላ የሽቦ መረብ፣ በመካከላቸው ፕላስቲክ አለው። ሁለቱ ሽቦዎች ተያይዘው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያቁራሉ፤ ኬብሉ በረዘመ ቁጥር የሚያቁሩትም ይጨምራል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ የጸናጽሉ ሽርታ፣ የሳክስፎኑ ትንፋሽ። መጋረጃ ማለት ይኸው ነው። የሬዲዮው ድምፅ ግን በዚያ ኬብል አያልፍም፤ ስለዚህ ጡሩምባው ጥርት እንዳለ ቀረ። ከስር የሚሰማው «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ደግሞ ቆርጬ የጣልኳት ሽቦ ዕዳ ነው፤ የቤቱ መብራት 50 ኸርዝ እየሾለከ ይገባ ነበር።

ጠጋኙ በደንብ የተሸፈነ ተራ ኬብል አንድ ሜትር ለክቶ ቆረጠ። ያረጁትን ጃኮች አነሳ፤ አዲሶቹን በየዳቸው። የግራውንድ ሽቦዋን መልሶ አሰራት፤ በቴስተርም ቀኝና ግራውን አረጋገጠ። ወጪው በሙሉ ሶዶ ላይ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ያነሰ ነበር።

እናንተም ቤት የቆየ ማጫወቻ ካለ፣ ውድ ኬብል ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን እዩ። ከማጫወቻው እስከ አምፕሊፋየሩ ያለው ኬብል ከአንድ ሜትር ብዙም አይብለጥ። ከመብራት ገመድ ጋር ተጣብቆ አይሂድ። የግራውንድ ሽቦው አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ያለች ብሎን ላይ በደንብ ይታሰር። ጃኮቹ ዝገው ከሆነ ይጸዱ ወይም ይቀየሩ። ስትነኩት የሚንኮሻኮሽ ወይም አንዱን ስፒከር ዝም የሚያሰኝ ጃክ ውስጡ ብየዳው ለቋል ማለት ነው። የዚህን ያህል ካደረጋችሁ፣ ከዚያ በላይ የምትከፍሉት አብዛኛው ለማሸጊያው ነው።

ሌላም ወጪ ነበረ። ኬብሉ አጭር ስለሆነ ማጫወቻው ወደ ድሮ ቦታው መመለስ፣ ቴሌቪዥኑም መነሳት ነበረበት። የልጅ ልጆቹ አኮረፉ። እናቴ «አምስት ዓመት እኮ እርሳቸው አኩርፈው ነበር» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

ማታ አባባን ጠራናቸውና የሚወዱትን ሸክላ አስቀመጥኩ። ጉምጉምታው የለም። መርፌው ነካ አደረገ፤ ከበሮው ገባ፤ ከዚያ ሳክስፎኑ ክፍሉ መሃል ቆሞ ተነፈሰ። አባባ አንገታቸውን አላዘነበሉም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው «መጣ» አሉ፤ ልክ የዘገየ እንግዳ እንደገባ ሁሉ።

ባለሙያዋም አልተሳሳተችም፤ በወጣትነታቸው ከሰሟቸው ድምፆች ዛሬ የማይሰሟቸው አሉ። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ዕድሜያቸውን አይተን ንግግራቸውን መስማት የተውነው። ምን ያህል ሌላ ነገር፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ቤቱ ጣራ፣ በዚያው «ዕድሜ ነው» በሚል መልስ እንዳለፍነው ያን ማታ ማስላት ጀመርኩ።

ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያኔ ኬብሉን…» ማለት ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። «ዝም በል፤ ልስማበት።»